ባቡሩ ያልወጣው ዳገት፦ የሐረርና የድሬዳዋ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ

ድሬዳዋ የደረስኩት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በዚህ ሰዓት ድሬ ሥራ የለም። ሱቁ ግማሹ ተዘግቷል፣ ባጃጁ ጥላ ሥር ቆሟል፣ ሰው በርጫ ላይ ነው። እኔም ለዛሬ ከተማውን አልፌ ወደ ሐረር ለመውጣት ወስኛለሁ።

ምክንያት አለኝ። የመጣሁት በፈረንጆቹ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የተሠሩትን ቤቶች ለማየት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ1870ዎቹ መጨረሻ እስከ 1890ዎቹ መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) ቤቶቹን በተሠሩበት ቅደም ተከተል ልያቸው ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ሐረር ትቀድማለች፣ ድሬ ትከተላለች።

ሚኒባሱ ሲሞላ ረዳቱ «አቦ ጠጋ በይ!» አለኝ። እናቱ ልሆን እችላለሁ፤ ግን ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም አይሰማም። ሽማግሌውም ባለሥልጣኑም «አንተ» ነው። እዚህ አገር ንቀት ሳይሆን ፍቅር ነው፤ ደስ ይለኛል።

ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከከተማው እንደወጣ ወዲያው ዳገት ይጀምራል። ደንገጎ ላይ መኪናው እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ሙቀቱ ይቀራል። ድሬ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ደግሞ 1,885 ሜትር። ይህን ዳገት ልብ በሉልኝ፤ የጉዞዬ ታሪክ በሙሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው።

አወዳይ ስንደርስ የጫት ገበያው ደርቷል። አልወረድኩም። ሐረር የገባሁት ሊመሽ ሲል ነው። ማደሪያዬ ጁገል ውስጥ ነው፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፤ እንግዳ የሚቀበል የሐረሪ ቤት። ባለቤቷ ቁቲ አፍልተው ጠበቁኝ። የቡና ቅጠል በወተት ተፈልቶ ጨው ጣል ሲደረግበት ከመንገድ ለመጣ ሰው መድኃኒት ነው።

አርብ

ጁገልን በእግር እንጂ በሌላ ነገር ማወቅ አይቻልም። ግንቡ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ የአሚር ኑር ስም የሚነሣው ከእሱ ጋር ነው። ውስጡ 48 ሄክታር ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ 82 መስጊድና 102 የአውልያ መቃብርና መዘከሪያ ተቆጥሯል። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች የሚነሡት ዋና መንገዶች ሽቅብ ወጥተው ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ጠፋሁ ብሎ መጨነቅ የለም። ዳገቱን ከተከተልሽ ፈረስ መጋላ ትደርሻለሽ።

ጠዋት እዚያ ቆሜ ዙሪያውን አየሁ። ይህች አደባባይ በሐያ ዓመት ውስጥ ያየችውን ሌላ ከተማ በመቶ ዓመት አያየውም። ሐረር ለረጅም ዘመን በሯን ዘግታ የኖረች የአሚሮች ከተማ ነበረች። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሲገባ ለአውሮፓውያን ዝግ ናት ይባል ነበር። በ1868 ዓ.ም. ግብፆች በራኡፍ ፓሻ መሪነት ያዟት፣ አሚር መሐመድንም ገደሉ። በ1877 ዓ.ም. ለቀው ሲወጡ አሚር አብዱላሂ ነገሡ። ከዚያ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ጦርነት ሆነ። የአሚሩ ጦር በምኒልክ ጦር ተሸነፈ፣ ሐረርም ወደ ምኒልክ ግዛት ገባች። አስተዳዳሪ ሆነው የተሾሙት መኮንን ወልደ ሚካኤል ናቸው፤ በኋላ ራስ የተባሉት፣ የተፈሪ አባት።

ፈረስ መጋላ ላይ ለጨለንቆ ሰማዕታት የቆመ ሐውልት አለ። ከሐውልቱ ፊት ለፊት ደግሞ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን። አንደኛው ሲያለቅስ ሌላኛው ሲዘምር የሚሰማ ይመስላል፣ በጥቂት እርምጃ ልዩነት። ይህን ሳያዩ ስለ ሐረር ሕንፃ ማውራት አይቻልም። እዚህ ከተማ ውስጥ የዚያ ዘመን ግንብ ሁሉ ከድል ወይም ከሽንፈት በኋላ የቆመ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ግን ለእሁድ አቆየሁት።

የታወቀው የራምቦ ቤት እዚያው ቅርብ ነው። ገና ከመንገድ ላይ «ራምቦ! ራምቦ!» የሚሉ ልጆች ያጅቡሻል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የመጣው በ1873 ዓ.ም. ነው፣ በግብፆች ዘመን። ግጥሙን ትቶ የባርዴ የንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ቡናና ቆዳ ሊገዛ። ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጥቶ በ1875 ዓ.ም. ሐረርን ፎቶ አነሣ፣ ራሱንም ጭምር። በኋላ ከመኮንን ጋር ይነግድ ነበር። በ1883 ዓ.ም. እግሩን ታሞ በቃሬዛ ወደ ባሕሩ ወረደ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ ማርሴይ ሞተ።

ቤቱ እጅግ ያምራል። ከእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ ፊት አለው። መስኮቶቹ ባለ ቀለም መስታወት ናቸው። ፀሐይ ስትገባባቸው ወለሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ይፈስሳል። የጣሪያው ውስጥ በሥዕል ያጌጠ ነው። ግን ይህ ቤት ራምቦ የኖረበት አይደለም። ከእሱ ሞት በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። ይህን ስናገር ራምቦን ለማሳነስ አይደለም። ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው። ቤቱን ያሠራው ህንዳዊ፣ እንጨቱን የጠረበው አናጢ፣ ጣሪያውን የቀባው ሠዓሊ፣ ሁሉም በአንድ ገጣሚ ስም ተሸፍነዋል። ጎብኚው ገብቶ ስለ ግጥም ይሰማል፣ ስለ ጣሪያው ማንም አይነግረውም። እኔ ግን አንገቴ እስኪደነዝዝ ጣሪያውን ነው ያየሁት። ከላይኛው ፎቅ መስኮት ጁገል በሙሉ ይታያል። ከዚያ ላይ ሆናችሁ ቤቶቹን ቁልቁል እዩ፤ ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው የሐረሪ ቤት ነው፣ በረንዳ ያወጣው ደግሞ የነገው ጉዳያችን ነው።

ከሰዓት የጁምዓ ሰላት ስለነበር ብዙ ቦታ ዝግ ነበር። ማኪና ግርግር ላይ የልብስ ሰፊዎቹን ሲንጀር ሲዘፍን እየሰማሁ ሳምቡሳ በላሁ። ከዚያ አረፍኩ።

ቅዳሜ

ይህ ቀን ለእኔ የጉዞው ልብ ነበር።

መጀመሪያ ያደርኩበትን ቤት በደንብ አየሁ። ባለቤቷ «ልጄ፣ ጫማሽን አውልቀሽ ግቢ፤ ቤቱን ቤቱ ራሱ ይነግርሻል» አሉኝ። የሐረሪ ቤት ከውጭ ሲታይ ግድግዳ ነው። ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት የለውም። በአንድ የግቢ በር ገብተሽ ብዙ ቤተሰብ የሚጋራው ግቢ ታገኛለሽ። ከዚያ ነው የቤቱ በር። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፣ በኖራ የተለሰነ። ጣሪያው ላይ የእንጨት ወራጆች ተደርድረዋል።

ውስጡ ሌላ ዓለም ነው። ወለሉ በአምስት መደብ ተከፋፍሏል፤ ነደባ ይሉታል። አሚር ነደባ ለቤቱ አለቃና ለታላላቆች ነው። ጊድር ነደባ ሰፊው ነው፣ ለአብዛኛው ሰው። ጢት ነደባ ትንሹ። ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ወለሉ ነው። ግድግዳው ላይ ያሉት ጉድጓድ መደርደሪያዎች ቅዱስ ቁርኣን፣ ብርጭቆና ሳህን ይይዛሉ። ስፌቶቹ እስከ ላይ ተሰቅለዋል። በአንድ ጎን ኪርታት የሚባለው ትንሽ ክፍል አለ፣ አዲስ ሙሽሮች የሚያርፉበት። የመደቦቹ ቀለም ቀይ አፈር ነው። ባለቤቷ በእጃቸው ዳሰስ አድርገው «ይኼ ለጨለንቆ ነው ይላሉ፣ ለፈሰሰው ደም» አሉኝ። ድምፃቸው አልተለወጠም፤ እኔ ግን እግሬን ሰበሰብኩ።

አርክቴክት ማን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ይህ ቤት መልስ አለው። ልክ የሚያውቁ ግንበኞች አሉ። ቀለሙንና ልስኑን በየበዓሉ የሚያድሱ ሴቶች አሉ። ስማቸው ድንጋይ ላይ አልተጻፈም። ግን ቤቱ መቶና ከዚያ በላይ ዓመት የቆመው በእነሱ እጅ ነው።

ከቁርስ በኋላ አንድ ወጣት አስጎብኚ ይዤ ወጣሁ። «የህንድ ቤቶቹን አሳየኝ» ስለው ደስ አለው። «ሁሉም የጅብ ምገባ ነው የሚጠይቀኝ፣ ወላሂ» አለ።

ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ሐረር ስትከፈት የህንድ ነጋዴዎች በብዛት መጡ። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ በዘይላ በኩል በግመል ይገባ ነበር። ጨርቅ፣ ዕቃ፣ ጠመንጃ ሽቅብ፤ ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ ቁልቁል። ሐረር የምኒልክ መንግሥት የንግድ በር ሆነች። ለዐድዋ የተተኮሰው ጥይትም ብዙው ያለፈው በዚህ በር ነው። ገንዘብ ሲመጣ ግንበኛ ይመጣል። ነጋዴዎቹ በራሳቸው አገር ልማድ ሠሩ።

የህንድ ቤት ዕቅዱ ቀላል ነው። አራት ማዕዘን፣ ባለ አንድ ፎቅ። ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ። ከፎቁ ፊት ለፊት ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ የእንጨት በረንዳ። በረንዳው ላይ የሚገርም ጠረባ አለ። ዓምዶቹ ጫፍ ላይ ይቀጥናሉ፣ ቅስቶቹ አበባ ያወጣሉ፣ የታችኛው ጠርዝ እንደ ዳንቴል ተቆርጧል።

አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ቆመን አስጎብኚው ሁለት ቤቶች በጣቱ አሳየኝ። ግራው የሐረሪ፣ ቀኙ የህንድ። ልዩነቱ ያኔ ነው የገባኝ። የሐረሪ ቤት ለመንገዱ ጀርባውን ይሰጣል። ሀብቱ፣ ውበቱ፣ ክብሩ ውስጥ ነው። የህንዱ ቤት ግን ፊቱን ወደ መንገድ አዞረ። በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ያያል፣ ይታያልም። ለዘመናት መስኮት ያልነበረው መንገድ በአንድ ትውልድ ውስጥ ዓይን አወጣ። ይህ ለከተማው ኑሮ ቀላል ለውጥ አይደለም። ነጋዴው ሸቀጡን ማሳየት አለበት፣ ሴቲቱ ገመናዋን መጠበቅ አለባት፤ ሁለቱ ፍላጎቶች ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

ሐረሪዎች ያደረጉት ነገር ነው ልቤን የነካው። አላፈረሱትም፣ ዝም ብለውም አልቀዱትም። ሦስተኛ ዓይነት ቤት ወጣ። አስጎብኚው የዘመዶቹ ቤት አስገባኝ። ታች ነደባው በሙሉ ቦታው ላይ ነው፣ መደርደሪያው፣ ስፌቱ፣ ቀይ አፈሩ። ከላይ ግን ፎቅ ተጨምሯል፣ በረንዳ ያለው። በረንዳው ወደ መንገድ አያይም፤ ወደ ግቢው ዞሯል። የህንዱን እንጨት ወስደው በሐረሪ ልብ አስቀመጡት። የትኛውም የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት ሊያስተምረው የሚገባ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ከውጭ የመጣን ነገር ተቀብሎ የራስን ሥርዓት አለመልቀቅ በቃል ቀላል ነው፤ በእንጨትና በድንጋይ ሲሠራ ማየት ግን ሌላ ነው።

ትልቁ የህንድ ሥራ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ነው። እሱንም ያሠራው የህንድ ነጋዴ ነው። በሩ ላይ የተጠረቡት ቅርጾች የሂንዱ እምነት ቅርጾች ናቸው። አስቡት፤ በመስጊዶች ከተማ ውስጥ፣ የሂንዱ ቅርጽ ያለው በር፣ ኦርቶዶክሱ ተፈሪ ከመነን ጋር በ1903 ዓ.ም. ሲጋቡ የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉበት ቤት። ዛሬ የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ነው። እኚህ ሰው በራሳቸው ጥረት ለብዙ ዓመታት የሰበሰቡት የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ጌጥና ልብስ ተቀምጦበታል። የብራናና የወረቀት ጽሑፎቹን ጥገና ሲሠሩ አየሁ። አንድ ቤት ከዚህ የተሻለ አገልግሎት ሊያገኝ አይችልም።

መንገዳችን ላይ አንድ ቤት ሲታደስ አገኘን። አንድ በዕድሜ የገፉ ግንበኛ ድንጋይ እየመረጡ ነው። ከአጠገባቸው የሲሚንቶ ከረጢት ተከምሯል። «አባባ፣ በሲሚንቶ ነው እንዴ የምትለስኑት?» አልኳቸው።

«ባለቤቱ ነው ያመጣው። እኔ ጭቃና ኖራ እላለሁ፣ እሱ ቶሎ ይለቅ ይላል።»

«ሲሚንቶው ምን ይጎዳል?»

«ግድግዳው ይተነፍሳል ልጄ። ዝናብ ይጠጣል፣ በፀሐይ ይመልሳል። በሲሚንቶ ከደፈንሽው ውሃው ውስጥ ይቀራል። ጭቃው ይላላል፣ አንድ ቀን ድንጋዩ ይሸሻል።»

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የቅርስ ጥገና የተማረ ሰው የሚለውም ይህንኑ ነው። የህንድ ቤቶቹ በረንዳ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። እንጨቱ በዝናብ ይበሰብሳል። የሚጠርበው ሰው ጠፍቷል፣ ወይም ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ አንዱ በቆርቆሮ ይተካዋል፣ አንዱ በብሎኬት ይዘጋዋል። አስጎብኚዬ እየዞረ «እዚህ ነበር፣ እዚያም ነበር» ሲለኝ እጄ ላይ ያለው ካሜራ ከበደኝ። እያንዳንዱ የቀረ በረንዳ በቶሎ መለካትና መሣል አለበት። የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች በክረምት ቢመጡ በአንድ ወር የሚጨርሱት ሥራ ነው። ልኩ ከተያዘ የወደቀውን መልሶ መጥረብ ይቻላል። ካልተያዘ ግን ታሪኩም እንጨቱም አብሮ ይሄዳል።

ማታ እግሬን በሙቅ ውሃ ነክሬ ተኛሁ። ጅቦቹ ሲጮኹ ሰምቻለሁ፤ ሄጄ ግን አላየኋቸውም።

እሁድ

መድኃኔ ዓለም ቅዳሴ ሲያልቅ ደረስኩ። ነጠላ የለበሰው ሰው በፈረስ መጋላ ላይ ተበተነ፣ ከሙስሊም ሴቶቹ ደማቅ ሻሽ ጋር ተደባለቀ።

ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው ግብፆች የሠሩት መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ ነው፣ ከምኒልክ ድል በኋላ። ይህን ሲሰሙ የሚደሰቱም የሚከፉም አሉ። ሁለቱንም እረዳለሁ። ለእኔ ግን ስለ ሕንፃ የሚያስተምረኝ ነገር አለው። ግብፆችም ምኒልክም ለሥልጣናቸው ምልክት የመረጡት ያንኑ ቦታ ነው፤ መንገዶቹ ሁሉ የሚገናኙበትን። ቦታውን የመረጡት ግን እነሱ አይደሉም። ከእነሱ በፊት የነበሩት የከተማው ሰዎች መንገዱን ሲቀይሱ ነው የመረጡት።

መኮንን ከ1879 እስከ 1898 ዓ.ም. ሐረርን አስተዳደሩ። በ1881 ዓ.ም. መጨረሻ የምኒልክ መልእክተኛ ሆነው ጣሊያን ሄዱ፣ ከተሞቿን አዩ። በኋላም ለእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ዘውድ በዓል ለንደን ተገኝተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ሲመለስ ዓይኑ እንደ ድሮው አይሆንም። በእሳቸው ዘመን ሐረር ውስጥ ቤተ መንግሥትም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ሆስፒታልም ተሠራ። ይሁን እንጂ እነዚህ ሥራዎች በጌታቸው ስም ነው የሚጠሩት፤ «መኮንን ያሠሩት» እንላለን። ግንበኛው ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። የህንዱ፣ የአርመኑ፣ የግሪኩ፣ የሐረሪው፣ የኦሮሞው እጅ እዚያ ውስጥ አለ።

ከሰዓት በኋላ ከግንቡ ውጭ ወደ ሚካኤል ወጣሁ። መኮንን መጋቢት 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ሲያርፉ አስከሬናቸው ወደ ሐረር መጥቶ እዚህ ተቀበረ። ቁልቢ ገብርኤልንም መጀመሪያ ያሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ለዐድዋ ሲዘምቱ ተስለው ነበር ይባላል። ዛሬ በየታኅሣሡ ሕዝብ የሚጎርፍበት ትልቁ ሕንፃ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ በልጃቸው ዘመን የተሠራ ነው።

ከሚካኤል ላይ ጁገል ይታያል። አየሩ ጥሩ ነበር። ከዚያ ዳገቱን ቁልቁል ወርጄ ለነገ ሻንጣዬን ሰበሰብኩ።

ሰኞ

በጠዋቱ ተነሥቼ ድሬ ወረድኩ። ባለቤቷ ቡና ቋጥረው ሰጡኝ።

ከሼመንደፈር፣ ከድሮው ባቡር፣ ጡረታ የወጡ አንድ ሠራተኛ ጣቢያው ድረስ ወስደው አስጎበኙኝ። ልጅ ሆነው ነው የተቀጠሩት። አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ሶማሊኛውን፣ ፈረንሳይኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስገቡታል። ጣቢያው ፊት ለፊቱ አደባባይ፣ ከአደባባዩ በዛፍ የተጋረደ ቀጥ ያለ መንገድ። የጣቢያው ስም በአማርኛና በፈረንሳይኛ ተጽፏል። ወርክሾፑ ውስጥ ያሉት የብረት መቁረጫ ማሽኖች የአያት ዕድሜ አላቸው። ሽማግሌው እያንዳንዱን በስም ያውቁታል፤ የትኛው ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበረው ሁሉ ነገሩኝ።

ታሪኩን እዚህ መድረክ ላይ ተቀምጠን አወራን። አልፍሬድ ኢልግ ስዊዛዊ መሐንዲስ ነበር። በ1871 ዓ.ም. ወደ ምኒልክ መጣ። ምኒልክ መጀመሪያ ጫማ ስፋ ብለው ፈተኑት ይባላል። ሰፋ። በኋላ ድልድይ ሠራ፣ ለአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ አወጣ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆነ። በ1886 ዓ.ም. እሱና ፈረንሳዊው ነጋዴ ሊዮን ሼፍኔ የባቡር ፈቃድ አገኙ። ፈቃዱ ሦስት መስመር ነበረው። አንደኛው ከጅቡቲ ሐረር። ሁለተኛው ከሐረር እንጦጦ። ሦስተኛው ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ አባይ።

አዎ፣ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፣ የአንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ። በረሃ፣ ገደል፣ ሙቀት፣ የገንዘብ ጭንቅ። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መጥተው ተራራው ሥር ሲደርሱ ዳገቱ ፊታቸው ቆመ፤ ሐሙስ ዕለት በሚኒባስ የወጣሁት ዳገት። ባቡር እንደ በቅሎ አይወጣም። ሐዲዱን ተራራው ላይ ማውጣት ሊሸከሙት የማይችሉት ወጪ ነበር። ሐረርን ተዉአት። ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሜዳው ላይ ገባ። አዲሱን ሰፈር «አዲስ ሐረር» አሉት። ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ ነው ያለው።

ኩባንያው ከዚያ በኋላ ከሰረ። መስመሩ ለዓመታት ድሬ ላይ ተገትሮ ቀረ፣ በአዲስ ኩባንያ ተቀጥሎ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ድሬ የመጨረሻ ጣቢያ ሆና የቆየችበት ጊዜ ነው ከተማ ያደረጋት። ዕቃው ሁሉ እዚህ ይራገፋል። የሐረር ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ወረደ።

ከዚራ የሚባለውን የድሬ ሰፈር ስትዞሪ ይህ ዘመን ፊትሽ ላይ ነው። ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ዛፍ፣ የኩባንያው ቤቶች በሰፊ በረንዳና በእንጨት መዝጊያ። መሐንዲስ በማስመሪያ ያሰመረው ከተማ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረሽ መጋላ ሰፈር ስትገቢ ደግሞ መንገዱ ይጠብባል፣ ይታጠፋል፣ የድሮው የከተማ አኗኗር ይመለሳል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ድሬዎች ያን ሌሊት ሲያነሡ ጨዋታው ይቆማል። ከፊራ ገበያ ቅስቶቹ ሥር ቲማቲምና ጨርቅ ገዛሁ፣ ያልፈለግሁትን ጨርቅ ጭምር፤ ሻጯ «ላንቺ ነው የመጣው» ስትለኝ እንዴት እምቢ ልበል?

ለሽማግሌው ሦስት ቀን በልቤ ያዞርኩትን ነገርኳቸው። «ባቡሩ ሐረር ቢወጣ ኖሮ የህንድ ቤቶቹ ዛሬ አይኖሩም ነበር» አልኳቸው። ገንዘቡ እዚያው ይቀር ነበር፤ ገንዘብ ያለበት ቦታ አሮጌ በረንዳ አይቆይም፣ ይፈርስና ሌላ ይሠራል። ጁገል ራሱ መተላለፊያ ተብሎ ይቀደድ ነበር። ሐዲዱ ሜዳ ላይ ስለቀረ ሐረር ነጋዴዎቿን አጣች፣ ቤቶቿን ግን አተረፈች።

ሽማግሌው አላመኑኝም። «አቦ ተይ! ቤት በሰው ነው የሚኖረው» አሉ። «አያቴ ሐረር ላይ ትታው የወረደችውን ቤት ማን ጠበቀው? ቤቱ ሰው ሲርቀው ይሞታል። የተረፉትን ያተረፏቸው እዚያ የቀሩት ናቸው፣ እምቢ አንሄድም ያሉት። ለባቡሩ አትስጪው።»

ተከራከርን። እኔም አለቀቅኩም፣ እሳቸውም አልለቀቁም። ሁለታችንም ግን አንድ ነገር ላይ ተስማማን፤ በባቡሩ ምክንያት በእርግጥ የሞተ ከተማ ካለ ጊልዴሳ ነው። የዘይላ ግመሎች ሸክማቸውን የሚያራግፉት እዚያ ነበር። ከዚያ ወደ ሐረር በአህያና በበቅሎ ይወጣል። ድሬ ስትወለድ መንገዱ ተዘጋ። አሁን በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ከከተማው ውጭ ባለ ሌላ ጣቢያ ነው የሚቆመው። አሮጌው ጣቢያ ራሱ የጊልዴሳን ዕጣ እንዳይቀምስ ሽማግሌው ይሰጋሉ። ወርክሾፑ ሙዚየም ይሁን፣ ማሽኖቹ በቁራጭ ብረት ዋጋ እንዳይሸጡ ይላሉ። እኔም እላለሁ።

የጊልዴሳን መንገድ ሲጋራ ካርቶን ላይ ሥለው ሰጡኝ። መኪና ከየት እንደሚገኝ፣ የት መጠየቅ እንዳለብኝ ጻፉልኝ። «በኅዳር ነይ፤ በግንቦት ከመጣሽ ፀሐዩ አያስኬድሽም» አሉኝ። ኅዳር ላይ እሄዳለሁ። እዚያ ሠርቶ የሚያውቅ፣ ወይም ቤተሰቡ ከዚያ የመጣ ሰው ካለ ከመሄዴ በፊት ይጻፍልኝ።